ሶኮን ሳልቀብር አልሞትም

ለእትዬ፣ ለሲስተር አናክሌታ፤ ቺሉቢ ደሴት

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ሐይቁ ሲሞላ ያብጣል ያሉኝ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የላክሁት ቅባት ደረሰዎት ወይስ ያ ጀልባ ነጂ እንደ አምናው ለሚስቱ ሰጠው? አዳሪ ተማሪዎችዎን ወባው ለቀቃቸው? የእማሆይስ ሳል? ዓሣው እንደ ልብ ነው ወይስ አሁንም የዱባ ቅጠል ላይ ናችሁ? አንድ በአንድ ይጻፉልኝ እንጂ «ደህና ነን» ብለው ብቻ አይገላግሉኝ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ቺሳንጋ ማዕድኑ ውስጥ ይወርዳል ይወጣል፣ ልጆቹ ይማራሉ፣ እኔም ልብስ ስፌቴ ላይ ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርዎት ነበር። ግን እርስዎ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ በነፋስ መሃል «ተመስገን በይ ንካንዱ፣ ተርፈሻል እኮ» ይሉኝና መስመሩ ይቋረጣል። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ይበሉኝ። ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡና ከዚያ ይቆጡ፤ የምለምንዎት ነገር አለኝ።

የሆነውን ግማሹን ያውቁታል። ደም ያየሁ ጊዜ ኪንታሮት ነው ብዬ አራት ወር ሸሸግሁት። በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ንጎሳ ገፍታ ገፍታ ንዶላ ሆስፒታል ላከችኝ፣ እዚያም ሐኪሙ ትልቁ አንጀትሽ ላይ ካንሰር አለ፣ ግን ገና ጅምር ነው አለኝ። አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው ጣሉና ጫፍና ጫፉን ሰፉት። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ የሰፋሁ ሴት፣ ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስፌቱ ድርብ ነው ወይ ብዬ ነው። ሐኪሙ ስቆ «ጨርሰን አውጥተነዋል፤ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግሽም። በዓመቱ ግን ተመልሰሽ በካሜራ ቱቦ መታየት አለብሽ፣ እንዳትቀሪ» አለኝ።

ያላወቁት ግማሹ ሶኮ ያደረገኝ ነው። ሶኮን ያስታውሱታል፤ ግድግዳ የምንጋራው የንጎኒ ነገድ ጎረቤቴ፣ ሚኒባስ ነጂው፣ ሆዱ መሪውን የሚገፋው። እኛ ቤምባ እነሱ ንጎኒ፤ አያቶቻችን ተዋግተው ከታረቁ ወዲህ የቀልድ ዘመድ ነን። እሱ ጦጣ በሊታ ይለኛል፣ እኔ አይጥ በሊታ እለዋለሁ። በለቅሶ ላይ ሳይቀር በሟቹ መቀለድ መብት ነው፤ የሚቆጣ ደግሞ ይቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳቅሁበት። እዚህ ላይ ግን አልሳቅሁም።

ለቀዶ ጥገናው ንዶላ ያደረሰን እሱ ነው። እኔ ገባሁ፣ ቺሳንጋ ስልኩን አጥፍቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹን የምትጠብቅልኝ የቺሳንጋ እህት ቾላ ለወንድሟ ብትደውል አላገኘችውም፤ ጊዜ ሲነጉድባት ለሶኮ ደወለች። «እንዴት ሆነች?» ስትለው ያ አይጥ በሊታ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ጦጣችሁ ከዛፉ ወደቀች፣ አለቀላት። ሶፋውን አውጡ፣ ለቀስተኛ ይቀመጥ!» ብሏት እየተንከተከተ ስልኩን ዘጋ። ቾላ ከሉዊንጉ ገጠር ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር፤ ንጎኒ አይታ አታውቅም። ቀልድ መሆኑን ማን ይንገራት!

ጉድ ፈላ። ባንድ ሰዓት ውስጥ ሶፋዬ ማንጎው ሥር ወጣ፣ ሴቶች ሳሎኑ ወለል ላይ ተደረደሩ፣ ወንዶች ግቢው ውስጥ የለቅሶ እሳት አነደዱ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ያን ልብስ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ስምንት እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼን አርደው በንሺማ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ በሉ። የዶሮውስ ይሁን፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ ካባሶ ግን እናቴ ሞተች ብላ መሬት ላይ ስትንከባለል ውላለች። ቺሳንጋ አመሻሽ ላይ ስልኩን ከፍቶ ነው «ምን ሆናችኋል፣ ሴትዮዋ ሾርባ እየጠጣች ነው!» ብሎ የጮኸባቸው። እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ይቅር ልበል። የልጄን እንባ ግን በምን አፌ ይቅር ልበል?

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የገዛ ለቅሶዬ እሳት አመድ ግቢዬ መሃል ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ሶፋውን ወደ ቤት ሲመልሱ አዟዙረውት ነበር፤ ወደ በሩ የነበረው ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። በዚያች ደቂቃ የሆነ ነገር በሰውነቴ ገባ። ሐኪሙ በሽታውን አወጣ፣ ሶኮ ፍርሃቱን አስገባ እላለሁ እኔ። አመሻሽ ላይ ሶኮ በአጥሩ በኩል ብቅ ሲል፣ አንዲት ቃል እንኳ፣ «አጠፋሁ» የምትል ቃል ጠበቅሁ። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች አየኝና «እኔ አልዋሸሁም ጎረቤቴ፣ ትንሽ ቀደምኩ እንጂ» አለኝ።

ደሜ ፈላ! በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ከሰስሁት። ሽማግሌዎቹ እስኪደክማቸው ሳቁና «በቀልድ ዘመድ ክስ የለም፤ ይልቅ በመቆጣትሽ አንድ ዶሮ ትቀጫለሽ» ብለው ፈረዱብኝ። የተረፈችኝን አንዲት ዶሮ እግሯን አስሬ ለሶኮ አስረከብሁ። እዚያው ፊቴ አቅፎ «አይዞሽ፣ አሁን ከጦጣ ቤት ወጥተሻል» አላት። የት አባቱ! ያን ቀን ነው በልቤ የማልሁት፤ ይህን ሰው ሳልቀብር አልሞትም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የሠራውን ሳልከፍለው አልሞትም አልሁ።

መማሉ ቀላል ነበር፣ መኖሩ ነው የከበደኝ። አንጀቴ አረረ ልልዎት እፈልጋለሁ፤ ግን ያን ቃል ባነሳሁ ቁጥር እጄ ወደ ሆዴ ይሄዳል። ጠዋት ሆዴ ከጮኸ «መጣ!» እላለሁ፤ ዝም ካለ ደግሞ «ምን እየዶለተ ነው?» እላለሁ። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ ሽንት ቤት ገብቼ የማየውን አልነግርዎትም፤ መነኩሴ ነዎት። ቺሳንጋ ውጭ ሆኖ «ንካንዱ፣ ዛሬስ ምን አገኘሽ?» ሲለኝ አለቅስ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እጅጌውን በአንገት በኩል የገጠምሁበት ቀን አለ። አንድ ሠርግ ላይ ቀይ ሥር በልቼ በማግስቱ ያየሁት ቀለም አስደንግጦኝ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተዘረርሁ። ነርስ ንጎሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝና አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሶኮ ሰምቶ ኖሮ በነጋታው አንድ እስር ቀይ ሥር ደጄ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ።

ነርሷ ከሳቀች በኋላ ግን አስቀምጣ መከረችኝ። «ከተቆረጡት አብዛኞቹ እንዳንቺ ናቸው። አካሉ ይድናል፣ ልብ ግን ገና አልጋ ላይ ነው። ፍርሃቱን አባርረሽ አትጨርሽውም፤ ሰዓት ስጪው። ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት ተቀምጠሽ ፍሪ። በሌላ ጊዜ ሲመጣብሽ፣ ሰዓትህ አልደረሰም፣ ቆይ በዪው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ረዳኝ። ሦስት ቀን በሰዓቴ ተቀምጬ ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ግን ሶኮ ከአጥሩ ወዲያ እያፏጨ ሚኒባሱን ሲያጥብ ሰማሁት፣ ከዚያ ወዲያ ሩብ ሰዓቴን በሙሉ ለበቀል ሰጠሁት። ይህን ነርሷ አልመከረችኝም፤ የራሴ ነው።

ያልሞከርሁት የለም። የሚኒባሱ ኋላ ላይ «ትኩስ አይጥ እዚህ ይገኛል» ብዬ በጉልህ ጽፌ ለጠፍሁበት፤ ሦስት ቀን ሳያነሳው ሠራና ተሳፋሪ በዛልኝ አለ። ሬሳ ሣጥን የሚሠራውን አናጢ «ቤተሰቡ ልኮኛል በል» ብዬ ሊለካው ሰደድሁበት፤ ሶኮ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ተለካና «ለሆዴ ሰፋ አድርገው፣ ለስንቅ አይጦቼም ቦታ ተውልኝ» አለው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ሚስቱ ቲሳውኬ «ተዪው እባክሽ፣ ባናደድሽው ቁጥር ይወፍራል» ትለኛለች። ብቻ እትዬ፣ ሆዴ ሲጮህ «ቆይ፣ ሶኮን ሳልቀብር አልሞትም» ማለት ለመድሁ፤ ያን ብዬ እተኛ ነበር።

ከዚያ የካሜራው ቀን ደረሰ። ፌብሩዋሪ አምስት ነበር። ሐኪሙ እንዳትቀሪ ያለኝ ቀን። ሶኮ በአጥሩ ላይ ተደግፎ «እኔ አደርስሻለሁ ጦጣ በሊታ፣ ለመመለሻው ግን ወንበር አልይዝልሽም» አለኝ። በሌላ ሚኒባስ ልሂድ ብዬ መናኸሪያ ወረድሁ፣ ተሳፈርሁም። መኪናው ሊነቃነቅ ሲል ግን «ወንበር አልይዝልሽም» ያለው በጆሮዬ መጣብኝና ሰው ረግጬ ወረድሁ። በማግስቱም ተሳፍሬ እንደዚያው ወረድሁ። ቺሳንጋን «ታይቼ መጣሁ፣ ደህና ነሽ አሉኝ» ብዬ ዋሸሁት። እሱም ደስ ብሎት ለልጆቹ ብስኩት ገዛ። ያን ብስኩት ሲበሉ እያየሁ አፈርሁ። ነርስ ንጎሳ ግን አልተሸወደችም፤ «እኔን ከፈራሽ እኔ ጋ አትምጪ፣ እዚያ ግን ሂጂ። ተመልሶ እንደሆነ በጊዜ የሚያውቀው ካሜራው ብቻ ነው» ብላ ለማርች አሥራ ሁለት ሌላ ቀን ያዘችልኝ።

በመሃል ምን ሆነ መሰለዎት? ሶኮ ሞተ። አንድ ሐሙስ፣ መናኸሪያው ውስጥ ጎማ ሲቀይር ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። የቲሳውኬ ጩኸት በግድግዳው በኩል ሲመጣ መቀሴን ጣልሁ። ስሞትልዎት እትዬ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ የተቀማ ሰው ንዴት ነው። አመለጠኝ! አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አመለጠኝ! ሐዘኑ በኋላ መጣ፣ ማታ ሚኒባሱ ባዶውን ቆሞ ሳየው። እሱንም አልክድም።

ለቅሶው ቤት ግን ከሁሉ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሶፋውን በገዛ እጄ ከቾላ ጋር ጎትቼ አወጣሁና «እኔ እንዳንተ አልቀደምሁም፣ በሰዓቱ ነው የማወጣው!» ብዬ ወደ ሣጥኑ ጮኽሁ። የሶኮን ኮፍያ ደፋሁ፣ ትራስ ከቀሚሴ ሥር ወትፌ ሆዱን ሠራሁ፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዤ በለቀስተኛው መሃል ነዳሁ። «ንዶላ! ንዶላ! የአንድ ሰው ቦታ! አይጥ የያዘ በነጻ!» ስል ያለቀሰው ሁሉ በእንባው ላይ ሳቀ። ቲሳውኬ ሳትቀር ነጠላ ጨርቋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ።

መቃብሩ ላይ ሣጥኑ ሊወርድ ገመዱ ሲዘጋጅ፣ ትራሴን አውልቄ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለልሁ። መቼም ወጉ ነው፤ የቀልድ ዘመድ ይገባል፣ ካልከፈላችሁኝ አልወጣም ይላል፣ የሆነ ነገር ይወረወርለታል፣ ይወጣል። ቺሳንጋ ከላይ «ስፌትሽ! ንካንዱ፣ ስፌትሽ!» እያለ ይጮሃል። ዝናብ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። ግድግዳው ከራሴ በላይ ነው፣ የሚታየው ሰማዩና የሰው ፊት ብቻ። እትዬ፣ ያኔ ፍርሃቴ በሙሉ ኃይሉ መጣ። ምን አባቴ ላደርግ ገባሁ አልሁ። ሆዴ እንደ አውሬ ጮኸ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

አንድ ንጎኒ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «እንኪ ዶሮ፣ ውሰጂና ውጪ» አሉኝ። «አልፈልግም!» አልሁ። «ፍየል ይሁንልሽ።» «ፍየላችሁን ለአይጦቻችሁ ስጧቸው!» «ታዲያ ምን ይሁንልሽ?» ሲሉኝ፣ እኔ ራሴ ሳላስበው ከሆዴ ወጣ፦ «ይህ ሰው ሞተች ብሎ ልጄን መሬት ላይ አንከባልሏል! ዋሽቷል በሉ! ንካንዱ አልሞተችም በሉ! ሁላችሁም፣ ጮክ ብላችሁ! ያለበለዚያ ሶኮን ሌላ ቦታ ቅበሩት፣ ይህን ጉድጓድ ይዣለሁ!» ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ቀልድ መሆኑ አልቆ እንደነበር ሁሉም ያወቀ ይመስለኛል።

ቲሳውኬ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ አፋፉ ላይ ተንበረከከች። ዓይኗ አብጧል። እኔን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ባሌ ዋሽቷል። ንካንዱ አልሞተችም። አለች» አለች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ «ምን ትጠብቃላችሁ? በሉ እንጂ!» ብላ ጮኸችባቸው። እነሱም አሉ። መጀመሪያ ንጎኒዎቹ፣ ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ ቆፋሪዎቹ ሳይቀሩ፤ «ንካንዱ አልሞተችም! ንካንዱ አለች!» ሦስት ጊዜ። የካባሶ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ከሁሉ በላይ ተሰማኝ። እኔ ታች ሆኜ፣ በሌላ ሰው መቃብር ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ቲሳውኬ እጇን ዘርግታ «በይ አሁን ውጪ፣ ሰውየው አልጋውን ይፈልጋል» አለችኝ።

ይቅር አልሁት ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። አላልሁትም። እኩል ሆንን እንጂ። ስወጣ ንጎኒዎቹ «ልክሽን ወስደናል ጦጣ በሊታ፣ ተራሽ ሲደርስ አንሳሳትም!» እያሉ ሲጮሁብኝ፣ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ሰምቼ ሳቅሁ፣ ሌሊቱንም ተኛሁ። ፍርሃቱ ጠፋ ብዬ አልዋሽዎትም። አሁንም ባትሪ ይዤ እገባለሁ፣ አሁንም ሩብ ሰዓቴን እቀመጣለሁ። ብቻ የዚያን ማታ ሐኪም ሳያየኝ ታይቻለሁ ብዬ እንደ ዋሸሁት ለቺሳንጋ ነገርሁት። እሱም «ማርች አሥራ ሁለት አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ከመኪናው ብትወርጂ እኔም እወርዳለሁ» አለኝ።

ሄድን። ዋዜማውን አንጀት የሚያጥብ ጨው ጨው የሚል ውሃ ሲያጠጡኝ ሌሊቱን ሽንት ቤት አደርሁ፤ ሐኪሙ አልጋው ላይ አስተኝቶኝ ቱቦውን ሲያዘጋጅ «ፈራሽ?» አለኝ። «ዶክተር፣ ከዚህ ከባሰ ጉድጓድ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ሥራህን ሥራ» አልሁት። አየ፣ አገላብጦ አየ። ንጹሕ ነው አለ። ስፌቱም ድርብ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ነይ ተብያለሁ።

አሁን ልመናዬ። ሐኪሙ ካርዴን እየጻፈ «እናትሽ በምን ሞተች?» አለኝ። ሆዷ አብጦ፣ ሰው የሰጣት ነገር ነው እየተባለ እንደ ሞተች ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠና «ሌላ ማንን ወለደች?» አለኝ። ስምዎን ሰጠሁት። ምንም ባያምዎት፣ ደም ባያዩም መታየት አለብዎት፤ እኔ የተረፍሁት በጊዜ ስለተገኘ ነው አለ። ለኤፕሪል ሃያ አራት ንዶላ ቀን ተይዞልዎታል። እማሆይ እንቢ ካሉ ይህን ደብዳቤ ያንብቡላቸው። እኔ ጸሎት አልከለክልዎትም፤ ጀልባው ላይ ሆነው ይጸልዩ።

የእማሆይን እጅ ይሳሙልኝ። ለወጥ ቤቷ ለማማ ካፓ፣ ለአዳሪዎቹ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ለጀልባ ነጂውም ይድረሰው፣ ቅባቱን ከመለሰ። ቺሳንጋ በጣም ሰላም ይልዎታል። ካባሶና ታናሿ ምዋባ አክስታችን መቼ ትመጣለች ብለው ግድግዳ ላይ ቀን ይቆጥራሉ። ቾላም ሰላም ብላለች፤ አሁን ንጎኒ ሲያናግራት ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። ቲሳውኬ ደግሞ፣ ጥቁሯን ሳትጥል፣ ጦጣ በሊታ መነኩሴ ቀብራ እንደማታውቅና እርስዎ ፈርተው ቢቀሩ መቅበሩ ደስታዋ እንደሆነ ጨምሬ እንድጽፍ አዛኛለች። እትዬ፣ ቂም ይያዙባትና ይምጡ።

ታናሽ እህትዎ ንካንዱ

ሉዋንሻ፣ ምፓታማቱ
ማርች 14 ቀን 2019